ስለ ውኃ ጉድጓድና ስለ ማወቅ ግዴታ

የተጠማ ሰው በፊታችን ቆሞ ሳለ፥ «የምድሩ ጠባይ እስኪጠና ድረስ ታገሥ» ማለት ይገባልን? ወይስ ለተጠማ ሰው የሚገባው መልስ ዶማ አንሥቶ ወዲያውኑ መቆፈር ነው? ይህ ጥያቄ ሲሰሙት የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ጠጋ ብለው የመረመሩት እንደ ሆነ ግን፥ ሰው ለባልንጀራው መልካም ነገር ለማድረግ በተነሣ ጊዜ ምን ያህል ዐውቆ ሊነሣ ይገባዋል የሚለው የቆየ ጥያቄ ነው። በጎ ፈቃድ ብቻውን ይበቃልን? በጎ ፈቃድ ያለው ሰው ያላወቀውን ነገር ለማወቅ ግዴታ አለበትን? እኛም ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር፥ በሰሜን ወሎ፥ በወልድያና በመርሳ፥ በጠቅላላውም በሀብሩ ወረዳ ምድር ላይ አውርደን ልናየው አስበናል።

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ውርጌሳን ካለፈ በኋላ መርሳ ይደርሳል፤ ከመርሳም በሲሪንቃ በኩል ወልድያ ይገባል። በዚህ መንገድ ሲጓዝ በስተግራው ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታየዋል፤ በስተቀኙ ደግሞ ምድሩ እየዝቀዘቀ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በበልግና በክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በሬ የሚያህል ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ዝናሙ ካባራ በኋላ ግን ብዙው ወንዝ አሸዋና ጠጠር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያ አሸዋ መካከልም ሴቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን ተሸክመው ሲሄዱ ይታያሉ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ተረት ለጎጃም ሰው ብቻ የተነገረ እንዳይመስለን።

ታዲያ ያ ሁሉ ጎርፍ የት ይገባል? እኩሌታው ወደ ቆላው ወርዶ በፀሐይ ይጠፋል፤ እኩሌታው ግን በተራራው ግርጌ ባለው ጠጠር ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። የዚህም ምክንያት በምድሩ አፈጣጠር ውስጥ ነው። የወሎ ደጋ የቆመበት ባዝልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ እየቀለጠ ወጥቶ በላይ በላዩ የተነጠፈ ነው። በኋላ ዘመን ምድሩ በአፋር ጠርዝ በኩል እየተሰነጠቀ ሲሰምጥ፥ በተራራውና በቆላው መካከል እንደ ገበታ ያሉ ሸለቆዎች ተፈጠሩ፤ የቆቦና የጊራና ሜዳ ከእነዚህ ወገን ናቸው። ጎርፉም እነዚህን ሸለቆዎች በድንጋይ፥ በጠጠር፥ በአሸዋና በሸክላ አፈር ሞላቸው። ጎርፍ ከተራራ እንደ ወጣ ኃይሉ ገና ስለሆነ ከባዱን ድንጋይና ጠጠር በግርጌው ይጥላል፤ ደቃቁን ሸክላ ግን ይዞ ወደ ሜዳው መካከል ይዘልቃል። ጠጠርና አሸዋ ውኃ ይይዛሉ፥ ይሰጣሉም፤ ሸክላ ግን ውኃ ቢይዝም አይሰጥም። በወልድያ ዙሪያ ባሉት ጉብታዎች ደግሞ ውኃው የሚገኘው በተሰነጠቀው ወይም በበሰበሰው ባዝልት ውስጥ ነው፤ ያልተሰነጠቀው እንደ ብረት ደረቅ ነው። እንግዲህ በአንድ ቀበሌ ውስጥ፥ በጥቂት መቶ ሜትር ርቀት የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች አንደኛው ውኃ ሲያፈልቅ ሌላው አቧራ ቢያወጣ የሚያስደንቅ አይደለም።

ብዙ ሰው ከምድር በታች ያለውን ውኃ ሲያስበው በጨለማ ውስጥ የሚፈስ ወንዝ ወይም የተከደነ ሐይቅ አድርጎ ነው። አንሪ ዳርሲ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ለዲዦን ከተማ ውኃ ያመጣ ሰው ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ውኃ በአሸዋ መካከል እንዴት እንደሚያልፍ በቧንቧ በሞላው አሸዋ ፈትኖ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የከርሰ ምድር ውኃ በአሸዋ ቅንጣትና በድንጋይ ስንጥቅ መካከል እጅግ በዝግታ የሚሄድ መሆኑ ታውቋል። የወንዝ ውኃ በአንድ ቀን የሚጓዘውን መንገድ፥ የምድር ውስጥ ውኃ በብዙ ዓመታት ላይጨርሰው ይችላል። ይህም ዝግታ ለነገራችን ትልቅ ትርጉም አለው፤ ዛሬ በችኮላ የተበላሸ ውኃ በችኮላ አይጠራምና።

አንድ ተቃዋሚ «አባቶቻችን ያለ መሣሪያ ይቆፍሩ አልነበረምን?» ይለን ይሆናል። አዎን፥ ይቆፍሩ ነበር፤ ነገር ግን ሳያጠኑ አልነበረም። ሾላና ዋርካ የት እንደ በቀለ፥ በበጋ ሣሩ የት ሳይደርቅ እንደ ቆየ፥ ከብት አፈር እየጫረ የት እንደሚያሸት፥ ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ነበሩ፥ ዛሬም አሉ። ይህን ዕውቀት ንቆ ማለፍ የትምህርት ምልክት ሳይሆን የትዕቢት ምልክት ነው። በሌላ በኩል ግን ወሰኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። የሾላ ሥር ቅርብ ያለውን ውኃ ይናገራል እንጂ፥ በ100 ሜትር ጥልቀት ስላለው ምንም አይልም፤ ውኃው ውስጥ የተሟሟውንም ማዕድን አይለይም። የሽማግሌው ቃል ምስክርነት ነው፤ ፍርድ የሚሰጠው ሌላውም ምስክር ከተሰማ በኋላ ነው።

ሌላው ምስክር ማን ነው? አጥኚው በመጀመሪያ ከዚህ በፊት የተቆፈሩትን ጉድጓዶችና ምንጮችን እየዞረ ጥልቀታቸውን፥ ውኃው የሚያርፍበትን ከፍታ፥ በበጋ የሚወርደውን መጠን ይመዘግባል። ከአየርና ከሳተላይት የተነሣውን ሥዕል ከምድሩ ካርታ ጋር ያስተያያል። ቀጥሎም አራት የብረት ካስማዎች በመሬት ይተከሉና በሁለቱ በኩል ኤሌክትሪክ ወደ ምድር ይሰደዳል፥ በሁለቱ በኩል ደግሞ የሚመለሰው ይለካል፤ ካስማዎቹ በተራራቁ ቁጥር ከጥልቁ የሚመጣው ወሬ ይሰማል። ደረቅና ያልተሰነጠቀ ባዝልት ኤሌክትሪክን ይከለክላል፤ ውኃ ያዘለ ጠጠር በመጠኑ ያሳልፋል፤ ሸክላ ግን ከዚያ ይልቅ ያሳልፋል፥ ጨዋማ ውኃም እንዲሁ። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ብቻውን የታመነ እንደ ሆነ ሸክላን ውኃ ነው ብሎ ሊያሳስት ይችላል። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ይህ ነው፦ መሣሪያውም እንደ ሽማግሌው ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ቁፋሮው ሲጀመር ከየሜትሩ የሚወጣው አፈር በተራ ይቀመጣል፤ ውኃ ሲገኝም ለ24 ወይም ለ72 ሰዓት ያለ ማቋረጥ እየተቀዳ፥ ምን ያህል እንደሚወርድና ሲተው በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ይለካል።

የጉድጓዱ ፕላን የሚወጣው ከዚህ ሁሉ ነው። ወንፊት ያለው ቧንቧ በጠጠሩ ትይዩ መቀመጥ ሲገባው በሸክላው ትይዩ የተቀመጠ እንደ ሆነ ውኃው ደፍርሶ ይወጣል፤ የወንፊቱ ቀዳዳ ከአሸዋው ቅንጣት ጋር ካልተመጣጠነ አሸዋው ገብቶ ፓምፑን ይበላዋል፤ ፓምፑ በክረምት ልክ ከተሰቀለ በግንቦት አየር ይስባል፤ የጉድጓዱ አፍ በደንብ ካልታሸገ የመንደሩ ጎርፍ ከነቆሻሻው ወደ ውስጥ ይወርዳል። በአገራችን ገጠር በብዛት የሚታየው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ እንኳ የሚያገለግለው እስከ 45 ሜትር ገደማ ነው፤ ውኃው ከዚያ በታች ከሆነ ፓምፑ በሰልፍ ተመርቆ የሚቆም ሐውልት ብቻ ይሆናል።

የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው የራሱን ቤት ሳያጠና ቢሠራና ቢፈርስበት ጉዳቱን ራሱ ይከፍላል፤ በዚህም ቢያዝኑለት እንጂ አይፈርዱበትም። ጉድጓድ የሚቆፍር ባለሙያና የሚያስቆፍር ሹም ግን ስሕተታቸውን የሚከፍሉት ራሳቸው አይደሉም። መኪናው ጎማውን አዙሮ ይሄዳል፤ ባለሙያው ማታ ወልድያ ገብቶ ቧንቧ ከፍቶ ይታጠባል፤ ደረቁ ጉድጓድ ግን ድንጋይና አሸዋ በጀርባዋ አመላልሳ ላዋጣችው ሴት ይቀርላታል። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ «እንቆፍርላችሁ» ሲል ያ መንደር አያምነውም። የጠፋውን ገንዘብ መልሶ መመደብ ይቻላል፤ የጠፋውን አመኔታ የሚመድብ በጀት ግን የለም። ስለዚህ ዋጋውን ሌላ ሰው የሚከፍልበትን ሥራ የሚሠራ ሁሉ፥ ለራሱ ከሚሠራው ሰው የበለጠ የማወቅ ግዴታ አለበት ብለን እናምናለን።

ከዚህም የሚከፋ አለ፤ ይኸውም ጉድጓዱ ውኃ ሲሰጥ ነው። በባንግላዴሽ አገር ብዙ ሕፃናት የኩሬና የወንዝ ውኃ እየጠጡ በተቅማጥ ይሞቱ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ መንግሥቱና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ለሕዝቡ ቀጫጭን የቧንቧ ጉድጓዶች እንዲስፋፉ አደረጉ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ውኃውም ጥሩና ጥርት ያለ ነበር። ነገር ግን በዚያ ደለል ውስጥ አርሴኒክ የተባለ መርዝ ከጥንት ጀምሮ ተቀብሮ ኖሯል፤ ውኃው ሲመረመር ለዚህ መርዝ የመመርመር ልማድ አልነበረም። ነገሩ በዚያ አገር በ1993 ሲታወቅ፥ ብዙ ሰው ለዓመታት ሲጠጣው ቆይቶ ነበር። በ2000 በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ላይ በወጣው ጽሑፍ፥ ከ125 ሚሊዮኑ ሕዝብ መካከል ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን የሚሆነው ለአደጋው የተጋለጠ መሆኑ ተገምቷል። ከዚያ በኋላ ጉድጓዶቹ እየተመረመሩ መርዝ ያለበት ፓምፕ ቀይ፥ የሌለበት አረንጓዴ ቀለም ይቀባ ጀመር። እናት ለልጅዋ ስትቀዳ የኖረችው ፓምፕ አንድ ቀን ቀይ ተቀብቶ ስታገኘው ምን እንደምታስብ ለአንባቢ እንተወዋለን።

ሩቅ አገር ሄድን እንዳንባል በቅርባችንም አለ። በስምጥ ሸለቆ፥ ስኳር ማምረት በ1946 ዓ.ም. በጀመረው በወንጂ፥ የጉድጓድ ውኃ ይጠጡ የነበሩት ሠራተኞችና ልጆቻቸው ውኃው ካለው ብዙ ፍሎራይድ የተነሣ ጥርሳቸው በልዞ፥ የቆዩትም አጥንታቸው ደርቆ ጀርባቸውን ማጎንበስና ማቅናት የተሳናቸው ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚመክረው ከፍተኛ ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ይህ ማዕድን ቀለም የለውም፥ ሽታ የለውም፥ ጣዕሙም አያስታውቅም። ምላስ የማይለየውን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው።

እንግዲህ ባንግላዴሽን በመርዝ ያስጠጡት ሰዎች ወንጀለኞች ናቸውን? እኛ እንደዚያ ለማለት አንደፍርም። አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነውና። አንደኛው በዘመኑ ማንም ሊያውቀው ያልቻለው ወይም ሊጠረጥረው ያልተገባው አለማወቅ ነው፤ ይህ መከራ ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም። ሁለተኛው ግን ማወቂያው መንገድ በደጅ ቆሞ ሳለ፥ በስንፍና ወይም በችኮላ ወይም «ደግሞ ሌላ ነገር ይገኝ ይሆናል» ብሎ በመፍራት ሳይጠይቁ የሚያልፉት ነው፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። በዚያ አገር በመጀመሪያ የተቆፈረው ጉድጓድ ከፊተኛው ወገን ቢቆጠር፥ ነገሩ ከታወቀ በኋላ ሳይመረመር የተቆፈረው ከኋለኛው ወገን ነው። የማወቅ ግዴታ እንደ ዘመኑ ዕውቀት አብሮ ያድጋል። በአባቶቻችን ጊዜ በሀብሩ ምድር ሳይመረምር የቆፈረ ሰው ምክንያት ነበረው፤ ካርታው፥ ላቦራቶሪውና መሣሪያው በአገር ውስጥ ባለበት፥ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በቆመበት በዛሬው ጊዜ የሚቆፍር ሰው ግን ያ ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ጥማት አይታገሥም። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፥ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. ያየውን የሚያስታውስ ሰው፥ በዚያ ጊዜ «ጥናቱ እስኪያልቅ ጠብቁ» የሚልን ባለሥልጣን ቢሰድበው አንፈርድበትም። ሰው ሲሞት ቆሞ መለካት አይገባም፤ በዚያን ጊዜ ውኃ በመኪናም ቢሆን ማመላለስ፥ በተገኘው ቦታም መቆፈር ያስፈልጋል። ነገር ግን ድርቅ በድንገት የመጣ እንግዳ አይደለም፤ በዚህ አገር ደጋግሞ የመጣ የታወቀ እንግዳ ነው። ታዲያ በጥጋቡ ዓመት ምን ስንሠራ ቆየን? ጥናት ጊዜ የሚያጣው በችግሩ ዓመት ሳይሆን፥ ዝናም በዘነበበትና ማንም ባላሰበበት ዓመት ነው። በክልሉ መንግሥት በኩል በተቋቋመው በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት የታየው መልካም ነገር፥ ሸለቆው በአንድነት ተጠንቶ ለመስኖ ጥልቅ ጉድጓዶች መቆፈራቸው ነው፤ አንድ መንደር ሲጮህ ለዚያ መንደር ብቻ ከመሮጥ፥ አገሩን ባንድ ጊዜ መመልከት ይሻላል።

የጥናትንም ክፉ ገጽ ሳንናገር ብናልፍ አድልዎ ይሆንብናል። «ይጠና» የሚለው ቃል በአንዳንድ መሥሪያ ቤት «ይቅር» ማለት መሆኑን የማያውቅ የለም። ሳይወስን መኖር የሚፈልግ ሰው ከጥናት የበለጠ መሸሸጊያ አያገኝም። ስለዚህ ልክ ያስፈልጋል። በእጅ ለሚቆፈር የ10 ሜትር ጉድጓድ፥ ዐዋቂ ሰው አንድ ቀን በእግሩ ዞሮ ሽማግሌ ቢጠይቅ፥ ጎረቤት ጉድጓዶችን ቢለካ፥ መጸዳጃ ቤት በቅርብ አለመኖሩን ቢያይ፥ ኋላም ውኃውን ቢያስመረምር ይበቃል። ለከተማ ወይም ለመስኖ የሚቆፈረው የ200 ሜትር ጉድጓድ ግን ወራት ቢፈጅም ወራት ይገባዋል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ሰው ወይ ድሀውን ያዘገያል፥ ወይ የመንግሥትን ገንዘብ ያፈሳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ውኃ ግን ከፈሰሰ በኋላ የሚለቀም ነገር አይደለም።

በጥናቱ መጨረሻ አንድ ፈተና አለ፤ ከኤሌክትሪኩና ከካርታው ይልቅ ከባድ የሚሆነውም እርሱ ነው። ሹሙ ለሕዝቡ በስብሰባ ቃል ሰጥቷል፤ ቦታውም ከገበያው አጠገብ ተመርጧል፤ አጥኚው ግን «እዚህ ውኃ የለም፤ ያለው ከዚህ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ በሌላው ቀበሌ ነው» የሚል ነገር አገኘ። ይህን በጽሑፍ አድርጎ ለሹሙ ማቅረብ ቀላል አይደለም። «ዕድሉ መካከለኛ ነው» ብሎ መጻፍ ይቀላል፤ መካከለኛ የሚለው ቃል ማንንም አያስቆጣምና። እንዲህ ያለው ለስላሳ ቃል ግን ከሐሰት የሚለየው በመልኩ ብቻ ነው። ሹሙም ቢሆን፥ መጥፎ ወሬ ያመጣለትን ባለሙያ ከሥራ ወደ ኋላ የሚያስቀር ከሆነ፥ ከዚያ ወዲያ እውነት የሚነግረው አያገኝም።

የመዝገቡም ቋንቋ ሊታሰብበት ይገባል። የጉድጓዱ ጥናትና ፕላን ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጉድጓዱን የሚጠብቀው የመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ግን እንግሊዝኛ አያውቅም። ከመርሳ በስተደቡብ በዚያው መንገድ ላይ ያለችው ውጫሌ፥ በ1881 ዓ.ም. በተጻፈ ውል ምክንያት የታወቀች ናት፤ የአማርኛው ቃልና የኢጣልያንኛው ቃል ሳይስማሙ ቀርተው ምን እንዳስከተሉ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማሩታል። የጉድጓድ መዝገብ የጦርነት ምክንያት አይሆንም፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ የሚጠጣውን ውኃ የሚመለከት ወረቀት በማይገባው ቋንቋ ተጽፎ በማያየው ሣጥን ሲቀመጥ፥ ዕውቀቱ ተገኘ ማለት አይቻልም።

በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው፥ ይስሐቅ የአባቱን የአብርሃምን ጉድጓዶች ፍልስጥኤማውያን አፈር ሞልተውባቸው አግኝቶ እንደገና አስቆፈራቸው፤ አባቱ በሰየማቸውም ስም ጠራቸው። አዲስ ባስቆፈራቸውም በሁለቱ ላይ ጠብ ተነሣ፤ ሦስተኛውን እስኪያገኝ ድረስ ትቶ ሄደ። በዚያ ዘመን ጠቡ በጉድጓዱ አፍ ላይ ይታይ ነበር። ዛሬ ግን ጠቡ ከምድር በታች ነው። ኃይለኛ ፓምፕ ያለው ጥልቅ ጉድጓድ በዙሪያው ያለውን ውኃ ወደ ራሱ ዝቅ እያደረገ ሲስብ፥ በአጠገቡ ያለው የድሀው የእጅ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ሊደርቅ ይችላል፤ ድሀውም «ዝናም ጠፋ» ብሎ እግዚአብሔርን ይለምናል እንጂ ጎረቤቱን አይጠረጥርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውኃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፥ ለቤት የሚሆነውም ውኃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ እንደሚቀድም ይናገራል። ነገር ግን የትኛው ጉድጓድ የትኛውን እንደሚያደርቅ ካልተለካ፥ ዳኛው አዋጁን በምን ላይ ያውለዋል? ውኃው የወልድያን ከተማና የሀብሩን ገበሬ ወሰን አያውቅም፤ የደጋውንና የአፋሩንም አይለይም። ዛሬ የተቀዳውም ከየዓመቱ ዝናም የሰመጠው ነው ወይስ ከብዙ ዘመን በፊት ተቀብሮ የቆየው ነው የሚለው ጥያቄ፥ ገና ያልተወለዱትን የሚመለከት የውርስ ጥያቄ ነው።

ይህ የውርስ ጥያቄ ግን ጉድጓዱ በተመረቀበት ቀን በሚያዝ አንድ ቁጥር ይጀምራል። ውኃው ሳይቀዳ ያረፈበት ጥልቀት በዚያ ቀን ካልተጻፈ፥ ከሃያ ዓመት በኋላ «ውኃው ወርዷል» የሚለውም «አልወረደም» የሚለውም ማስረጃ የላቸውም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሜትር የተጻፈበት ገመድና አንድ ደብተር ነው። በመርሳም ሆነ በወልድያ፥ በጊራናም ሆነ በሲሪንቃ የጉድጓዱ ጠባቂ ገመዱንና ደብተሩን ይረከብ፤ በየወሩም መጀመሪያ ማለዳ፥ ፓምፑ ሳይነሣና ሴቶቹ ሳይሰለፉ፥ ለክቶ ቀኑንና ቁጥሩን በአማርኛ ይጻፍ።